በሩን ያልዘጋችው ታይፒስት

ታይፒስቷ ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት ቢሞላትም ጣቶቿ ግን ጡረታ አልወጡም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ከኋላዋ የሚያወሩትን ሰዎች ወሬ ጉልበቷ ላይ ትተይበዋለች። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ የግድግዳውን ማስታወቂያ፣ ቤቷ ስትሆን የሬዲዮኑን ዜና ትመታዋለች። «ምን እየጻፍሽ ነው?» ሲሏት፣ «እኔማ መቼ ጽፌ አውቃለሁ፤ የሰው ነው የምገለብጠው» ትላለች።

እውነቷን ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የኖረችው የሰው ጽሑፍ ስትገለብጥ ነው። ቢሮዋ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ነበር፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ በርጩማ። ከታች የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ፣ ከላይ የመኪናዋ ጠቅ ጠቅ። ሰዓት ሠሪው፣ «እኔ ከታች ጊዜን እጠግናለሁ፣ አንቺ ከላይ ትሰብሪዋለሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በከተማው ውስጥ ደራሲ ነኝ የሚል ሁሉ ያንን የሚያቃስት ደረጃ ወጥቷል። ግጥሙን በመድኃኒት ማሸጊያ ጀርባ ላይ ጽፎ የሚመጣ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ አንድ መስመር የማይወጣለት፣ ስለዚህም ረጅም ልብ ወለድ የጀመረ ጊዜ ራሱ ተላጭቶ ያለቀ ነበር። «እመት ፊደል፣ ያቺን ልጅ አልገደልኳትም፤ ገጽ ሰማንያን መልሺልኝ» እያለ ደረጃውን እየሮጠ የሚወጣም ነበር። እመት ፊደል ያሏት እነሱ ናቸው። በኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ ሰው ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ራሱ መምታት ጀመረ፤ ደረጃው ማቃሰቱን ተወ። እሷም አንድ ቀን መኪናዋን በክዳኑ ሸፍና፣ መስኮቱን ዘግታ ወረደች።

የእህቷ ልጅ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። የንባብ ክፍሉ ወንበሮች አቧራ እየለበሱ ሲሄዱ ልጅቱ አንድ ነገር አሰበች፤ ሰው ወደ መጽሐፉ ካልመጣ መጽሐፉ ወደ ሰው ይውጣ። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፈቃደኛ ሰው ሰብስባ፣ የከተማው ደራሲያን የኖሩበትን፣ የጻፉበትን፣ የተጣሉበትንና የታረቁበትን ሰፈር በእግር ማስጎብኘት ጀመረች።

«አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ነይ። እግርሽም ይፍታታ» ብላ ለመነቻት።

ታይፒስቷ የመጀመሪያውን ቀን የሄደችው ለእግሯ ስትል ነው። ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ቤቶቹን እስከ ወገባቸው ሸፍኗቸው ነበር። ጣሪያዎቹና ሰገነቶቹ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ፤ ሰው ከጭጋጉ ሲወጣ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ጫማው፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ፊቱ ይመጣል። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። የእህቷ ልጅ አንድ ቀጭን ቤት ፊት ቆማ፣ ወረቀቷን እያየች መናገር ጀመረች።

«በቁመቱ ረጅሙ ደራሲ የሚባለው ሰው ታላቁን ልብ ወለዱን የጻፈው እዚህ ነው። እዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ በዚያች መስኮት ኮረብታውን እያየ...»

«የምን ኮረብታ?» አለች ታይፒስቷ ሳታስበው። ሁሉም ዞሩ። «በዚያች መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ግድግዳው አንገፍግፎት አይደል እንዴ ኮረብታውን የጻፈው!»

ሰው ሳቀ። ደብተር ይዞ ከፊት የቆመ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ግን አልሳቀም።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ጽሑፉን የተየብኩት እኔ ነኛ። አንድ ጊዜ ገጽ ጎድሎብኝ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ።»

የእህቷ ልጅ ወረቀቷን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ጉዞው የአክስቷ ሆነ።

እሷ ስታስጎበኝ የዓመተ ምሕረት ወሬ የለም። «ይህችን የደረጃ መደገፊያ ይንኳት» ትላለች፤ «አንዱ ገጣሚ ስንኙን የሚቆጥረው በእሷ ነበር። እዚህ ጋ የተላጠችው በእሱ ጣት ነው።» ቀጥላ፣ «እነዚህ ሁለት ቤቶች የሁለት ተሟጋች ደራሲያን ቤቶች ናቸው፤ አሥር ዓመት በጋዜጣ ተሰዳድበዋል፤ ሁለቱንም ስድብ የምተይበው እኔ ስለሆንኩ መልሱን ከባለቤቱ በፊት አውቀው ነበር» ትላለች። ስትራመድ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ይሰማታል። በየማዕዘኑ አንድ የምታውቀው አንቀጽ ቆሞ ይጠብቃታል። በዕውን የለም ያሉት ዳቦ ቤት በአንድ አጭር ልብ ወለድ ገጽ አሥራ አራት ላይ እንደነበረ ሆኖ ይሸታታል። ከፈረሰው ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት፣ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የኖረች ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ስታልፍ ታያለች፤ «እንደምን አደርሽ» ልትላት ምንም አይቀራት። ከተማው ለእሷ ድርብ ነበር፤ ካርቦን ወረቀት ከሥሩ እንደተነጠፈለት ገጽ፣ ከላይ አንዱ፣ ከሥር ደብዘዝ ያለ ሌላው።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አፏ ይያዛል።

ከድልድዩ አጠገብ አንድ ሰፊ ግድግዳ አለ። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ከረጅሙ ደራሲ ልብ ወለድ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደው፣ ሰው በሚያህሉ ሰማያዊ ፊደላት ጽፈውበታል።

«ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እሷም በሩን ሳትዘጋው ተኛች።»

ሙሽሮች እዚያ ፎቶ ይነሣሉ። ከባድ ጊዜዬን በዚያች ቃል አለፍኩት የሚል ብዙ ሰው አለ። ጎብኚዎቹ እዚያ ሲደርሱ ታይፒስቷ፣ «እዚህ ጋ አንቺ ተናገሪ» ብላ ለእህቷ ልጅ ትተውና ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ትላለች። ቀና የምትለው ሰው መሄድ ሲጀምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ረጅሙ ደራሲ የልብ ወለዱን የመጨረሻ ምዕራፍ አመጣላት። ሰውየው ከቁመቱ የተነሣ በሯን ጎንበስ ሳይል አይገባም። የእጅ ጽሑፉ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ነው የሚመስለው፤ በከተማው ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያነበው አልነበረም፤ አንዳንዴ እሱም ራሱ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃታል። መጽሐፉ ስለ አንዲት ሴት ነው። ባሏ አንድ ቀን ምንም ሳይል ወጥቶ ይሄዳል፤ እሷ ትጠብቃለች፤ ሦስት መቶ ገጽ ትጠብቃለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ መጠበቋን መተዋ ወይም አለመተዋ ይታወቃል።

ደራሲው ጽሑፉን በሰጣት በሳምንቱ ጉሮሮው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ መናገር ተከለከለ፤ ጠያቂም አይገባም ተባለ። በዚያው ሰሞን ዝናብ ጣለ። ታይፒስቷ አንድ ጠዋት ቢሮዋን ስትከፍት ጣሪያው አፍስሶ፣ ጠብታው ከጠረጴዛው ሁሉ መርጦ የመጨረሻው ገጽ ላይ አርፏል። ያውም የመጨረሻው መስመር ላይ። «ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እሷም በሩን» ይላል፤ ከዚያ ሰማያዊ የቀለም ደመና፤ ከደመናው ወዲያ «ተኛች»። በደመናው መሐል አንዲት «ዘ» ብቻ እንደ ሰመጠ ጀልባ ምሰሶ ቆማለች።

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ከደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «እመቤቴ፣ የማተሚያው መኪና ቆሞ እየጠበቀን ነው፤ ዛሬ ካልገባ ተራችን ለሌላ ይሰጣል» ይላል።

ዘግታው ነው? ሳትዘጋው ነው? ታይፒስቷ ገጹን ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ በጀርባው አየችው፤ በማጉያ መነጽር ልታየው ከሰዓት ሠሪው ተዋሰች። «ዘ» ብቻ። የበፊቶቹን ገጾች ደግማ አነበበች። ሴትዮዋ ደክሟታል፤ ደራሲውም የደከመው ይመስላል። ልቧ «ዘግታው ነው» አላት።

ታይፒስቷ ታላቅ ወንድም ነበራት። ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ እንደሄደ ቀረ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ የውጭውን በር መቀርቀሪያ አላስገቡትም። «ሌባ ይገባል» ሲሏቸው፣ «ልጄ እጁ ሞልቶ ቢመጣ በምኑ ያንኳኳል?» ይላሉ። ታይፒስቷ እጇን ፊደሎቹ ላይ አሳርፋ «ዘግታው» ብላ ልትመታ ፈለገች፤ እጇ እምቢ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው «ሳትዘጋው» ብላ መታችውና ገጹን ከጽሕፈት መኪናዋ መንጭቃ ለሰውየው ሰጠችው። ሰውየው ደረጃውን ሲወርድ ተከትላ ልትጠራው ተነሥታ ነበር፤ ግን አልጠራችውም።

መጽሐፉ ወጣ። ሰው ተቀባበለው። ያች መስመር ከአፍ ወደ አፍ ዞረች። ደራሲው ከሆስፒታል ከወጣ ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ደረጃው አቃሰተ። ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ጉሮሮው ላይ ገና ፋሻ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ስትተይብ ተመለከታት። እሷም አንድ ሰዓት ሙሉ የምትተይበውን ሳታውቅ ተየበች። መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ፣ በሻከረ ድምፅ፣ «እጅሽ ይባረክ» አላትና ሲወጣ ጎንበስ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨው።

«እጅሽ ይባረክ» ምርቃት ነው፤ ሰው ሲናደድ ግን «ጉድ ሠራሽኝ» ለማለትም ይህንኑ ይላል። የቱ እንደሆነ አልገባትም። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ ጽሑፎቹን ያመጣላት ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሰዓት ሠሪው ሳል ያወራሉ፤ ስለዚያ ገጽ ግን ትንፍሽ አላሉም። እሱ ሲቀበር እሷም ቆማ አለቀሰች፤ ጥያቄዋም አብሮት የተቀበረ መሰላት። ተማሪዎቹ ግድግዳው ላይ ሰው በሚያህል ፊደል እስኪያወጡት ድረስ።

ጉዞው በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጎብኚዎቹ መሐል አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከዘራ ይዘዋል፤ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሰዋል። አይጠይቁም፣ አይጽፉም፣ ፎቶ አያነሡም። ደራሲው ቤት ፊት ስለ መስኮቱ ሲወራ ብቻ ፈገግ አሉ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ታይፒስቷ እንደ ልማዷ ለእህቷ ልጅ ትታ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች። ከዘራው አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ላግዝዎት?» አሉ አሮጊቷ።

«አይ፣ ይኸው ጨረስኩ፤ ክሩ ተፈትቶብኝ ነው።»

«ጫማዎ እኮ ክር የለውም።»

ታይፒስቷ ቀና አለች። እውነትም ጫማዋ ክር የለሽ ነበር። ስንት ቅዳሜ ሙሉ የሌለ ክር ስታስር እንደኖረች እግዜር ነው የሚያውቀው። ሁለቱም ተያዩና አሮጊቷ ሳቁ።

ሌሎቹ ከተበተኑ በኋላ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጭጋጉ እየተነሣ ነበር፤ ውኃው ግን ገና ነጭ ነው፤ የቱ ውኃ የቱ ጭጋግ እንደሆነ አይለይም። አንድ ዳክዬ ከምንም ውስጥ ወጥታ ወደ ምንም ውስጥ ገባች።

«ሚስቱ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «የረጅሙ።»

ታይፒስቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ሴትዮዋን አንድ ጊዜ፣ በቀብሩ፣ ከሩቅ ነበር ያየቻቸው።

«ከመሞቱ በፊት ጥዬው ሄጄ እንደነበር ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ስለ ቤቱ አያወራም ነበር።»

«ስለ ምንም አያወራም ነበር! እሱ ነው ያስወጣኝ፤ ዝምታው። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ጠብም አልነበረም። አንድ ቀን 'ራት ቀርቧል' አልኩት፤ መልሱን ስጠብቅ ሦስት ቀን አለፈ። ወጣሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ይዤ ልብስ እየሰፋሁ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ወጣ ሲባል ሰማሁ። አላነበውም ብዬ ምዬ ነበር፤ በማግስቱ አነበብኩት።» አሮጊቷ ከዘራቸውን በጠጠሩ ላይ አንከባለሉት። «ሴትዮዋ እሱ ነው። ወዲያው ነው የገባኝ። እኔን ወንድ አደረገኝ፣ ራሱን ሴት አደረገ፣ ከተማው ሁሉ ለእሱ አለቀሰለት። ተንኮለኛ!»

ታይፒስቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ አፏን ያዘች።

«የመጨረሻውን መስመር ሳነብ ግን ተነሣሁ። ድስቱን እሳት ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። በድልድዩ ላይ እየሮጥኩ፣ በሩን አልዘጋብኝም፣ በሩን አልዘጋብኝም እላለሁ። ደረስኩ። ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«ምን ሆነ?»

«በሩ ተቆልፏል! በቁልፍም በመቀርቀሪያም! 'ድሮም ደራሲና እውነት' ብዬ ሳቄ መጣ። አንኳኳሁ። ከፈተ፤ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። መታመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር። 'መጽሐፍህን አንብቤ መጣሁ' አልኩት። 'አንብበሽ ነው የመጣሽው?' አለኝ፤ ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። ለካ የታተመውን መጽሐፍ እሽግ ገና አልፈታውም። እዚያው ቆሞ ፈታውና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። እንዴት ያለ ረጅም ጊዜ አነበበ መሰለዎት አንዲት መስመር! ከዚያ ዝቅ ብሎ አየኝና 'ግቢ' አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። 'ወዴት ነው?' ስለው 'የማመሰግነው ሰው አለ' አለኝ። ሲመለስ ግንባሩ አብጦ ነበር።»

ታይፒስቷ እጆቿን እቅፏ ውስጥ አጣጠፈቻቸው። የውኃው ነጭነት ዓይኗ ውስጥ የገባ መሰለ፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታያትም።

«ባለፈው ዓመት ደግሞ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ «የድሮ ሳጥኑን ሳስተካክል የመጀመሪያውን ረቂቅ አገኘሁ። ያ የጉንዳን ጽሑፉ። ሌላውን ማንበብ አልቻልኩም፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን በትልቁ ነው የጻፋት። 'በሩን ዘግታው ተኛች' ይላል። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ለካ ዘግቶብኝ ነበር። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እንግዲያው ማን ነው የከፈተልኝ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የተየቡለት ሴት በሕይወት አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ያስጎበኛሉ አሉኝ።»

«ቃሉ ጠፍቶ ነበር» አለች ታይፒስቷ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «ጣሪያው አፍስሶ። 'ዘ' ብቻ ነበር የቀረችው። ግን ልዋሽዎት አልፈልግም። ዘግታው እንደሚሆን ልቤ ነግሮኝ ነበር። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

አሮጊቷ ብዙ ዝም አሉ። የባላቸው ሚስት መሆናቸው ያን ጊዜ ታወቀ።

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን ከዚያ ወዲህ» አሉ በመጨረሻ። «አንዳንዱ ክፉ ነበር። ግን ያወራ ነበር፤ ለራት ስጠራው ይመልስልኝ ነበር። ያ ሁሉ ከእርስዎ ጣት ነው የወጣው። ላመስግንዎት ወይስ ልቆጣዎት አላውቅም።»

«ሁለቱንም ያድርጉ። ሁለቱም ይገባኛል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ልቆጣ» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው የታይፒስቷን ክር የለሽ ጫማ መታ አደረጉት። ከዚያ እጇን ያዙ። እንደ ያዟት ብዙ ቆዩ።

ለሰው መናገሩን ታይፒስቷ መጀመሪያ አልፈለገችም። «ግድግዳው ላይ ያለው የእሱ ስም ነው፤ ሰው በሞተ በስንት ዓመቱ ገመና ይወጣል?» አለች። አሮጊቷ ግን፣ «መጽሐፉ እሱ በሕይወት ሳለ ሁለት ጊዜ በድጋሚ ታትሟል፤ ቢፈልግ ያርመው ነበር። አላረመም። አሁን አንቺም ጎንበስ ማለቱ ወገብሽን ይጎዳዋል» አሏት። አሮጊቷ አንቱታውን በዚያች ቅዳሜ ትተውላት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ታይፒስቷ ግድግዳው ፊት ቀጥ ብላ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ጣሪያውን፣ «ዘ»ዋን፣ የእናቷን መቀርቀሪያ። ቀድሞ የፈነዳው መምህሩ ነው።

«ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ! በፈተና አውጥቼዋለሁ! 'ደራሲው በሩን ክፍት ማድረጉ ምንን ያመለክታል?' ብዬ!»

«መልሱ ምን ነበር?» አለ አንዱ ጎብኚ።

«ተስፋን ያመለክታል።»

«ታዲያ ተሳሳተ እንዴ?»

ሰው ሳቀ፤ መምህሩ ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አልመጣም። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ግድግዳው ይታረም ያሉ ነበሩ፤ ግድግዳውን የነካ እጁ ይሰበር ያሉም ነበሩ። የእህቷ ልጅ ከቤተ መጻሕፍቱ አለቃ ጋር ተነጋግራ ረቂቁን ከአሮጊቷ ተዋሰችና ከታተመው ገጽ ጋር ጎን ለጎን በመስታወት ውስጥ አስቀመጠችው። የንባብ ክፍሉ ወንበሮች ያን ወር አቧራ አልያዙም። በአራተኛው ቅዳሜ መምህሩ ተመልሶ መጣ። ታይፒስቷን ወደ ዳር ጠራት።

«ሌላ የቀየርሽው ነገር ካለ ከወዲሁ ንገሪኝ» አላት። «የማስተካክለው ማስታወሻ ብዙ ነው።»

«ነጠላ ሠረዝ ይቆጠራል?» አለችው።

የእህቷ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ መንገድ አወጣች። ድሮ ጉዞው ድልድዩ ጋ ነበር የሚያበቃው፤ ከወንዙ ማዶ የጻፈ ሰው የለም ተብሎ ስለሚታሰብ። አሁን ግን ተሻገሩ። ከፊት አሮጊቷ በከዘራቸው፣ ቀጥሎ ታይፒስቷ፣ ከኋላ ሃያ የሚሆን ሰው። ጎዳናው ጠባብ ነው፤ ከመስኮት ወደ መስኮት በተዘረጋው ገመድ ላይ የተሰጣው አንሶላ ጭጋጉን እየቀዘፈ ይወዛወዛል። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ አሁንም አለ። ከበሩ ሞቅ ያለ እንፋሎት እየወጣ ጎዳናው ላይ ይተኛል፤ ሰው በእንፋሎቱ ውስጥ ሲያልፍ እግር የሌለው ይመስላል።

አሮጊቷ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣውን ደረጃ ዓይተው ቆሙ። «ከሃያ ስምንት ደረጃ በላይ ነበር በእኔ ጊዜ» አሉ። ቆጠሩት፤ አሥራ ስድስት ነው።

በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው አሁን ክፍሉን የያዘችው ሴት ናት፤ ልብስ ተኳሽ። በአንድ እጇ ካውያ፣ በሌላው የሰው ሸሚዝ። የእህቷ ልጅ ነገሩን አስረዳቻት። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ የተደረደረውን ሕዝብ አየች፤ «በእኔ ክፍል? የምን ደራሲ?» አለች።

«የጻፈ የለም» አለች ታይፒስቷ። «እዚህ የኖረችው ያነበበች ናት።»

ተኳሿ ለጥቂት አሰበች። «ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ከሆነ ግቡ፤ ሸሚዝ እንዳትነኩ» አለች። ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ በመስኮቱ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲያ ከተማው፤ ያ ሁሉ ሰው የጻፈው ከተማ ከዚህ ሲታይ የመዳፍ ያህል ነበር። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ምድጃው የነበረበትን ጥግ በከዘራቸው አሳዩ። «ድስቱ እዚህ ነበር። ተመልሼ አላየሁትም። የቤቱ ባለቤት ሳትጥለው አልቀረችም።»

«ምን ቢል ነው መጽሐፉ፣ ድስት አስትቶ የሚያስሮጠው?» አለች ተኳሿ፣ ካውያዋን በርጋታ ሸሚዙ ላይ እየነዳች።

አሮጊቷ ታይፒስቷን አዩዋት፤ ታይፒስቷ ራሷን ነቀነቀች። «እርስዎ ይንገሯት። እኔ ስገለብጠው ነው የኖርኩት።»

እናም አሮጊቷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በቃላቸው ማውራት ጀመሩ። ደረጃው ላይ የቀሩት እንዲሰሙ በሩ ተከፈተ፤ ሰዎቹ በየደረጃው ተቀመጡ፤ መምህሩ ከታችኛው ደረጃ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አሮጊቷ ሲናገሩ ባልየው ወጥቶ የሚሄድበት ቀን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተቀየረ፤ አንዲት ጎረቤት ጨርሳ ጠፋች፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያልነበረ ውሻም ገባ። ታይፒስቷ መስኮቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከሥር የማጠቢያው ውኃ ይንሿሿል፤ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ባገኘ ቁጥር እስስ ይላል።

አሮጊቷ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ሲሉ ተኳሿ ካውያዋን አነሣችና፣ «ውሻውስ አብሮት ሄደ?» አለች።